ከ«ዮም» የማታልፈው መድፍ

ደብረ ማርቆስ፣ ኅዳር ፲፪ ቀን ፲፱፻፵፬ ዓ.ም.

ለውድ ባለቤቴ ለመሪጌታ ወልደ ሩፋኤል፣
ባሉበት በዋልድባ ገዳም ይድረስ።

«ጤናዎ እንዴት ነው?» ብዬ ልጀምር አስቤ ብዕሩን መልሼ አነሣሁት። እህል በማይቀመስበት ገዳም ቋርፍ እየበላ ዐሥር ዓመት የኖረን ሰው ስለ ጤናው ምን ብዬ ልጠይቀው? ብቻ በሕይወት ይኑሩልኝ። እኔ ደኅና ነኝ። ልጅዎ ወለላም ደኅና ናት፤ በቁመትም በአፍም ከእኔ አልፋለች። ሲሄዱ ጥጃ የነበረችው ቦቄ ዘንድሮ አራተኛዋን ወልዳለች። የቤቱ ክዳን በክረምቱ ሁለት ቦታ አፍስሶ ነበር፤ ራሴ ወጥቼ ደፈንሁት። ጎረቤቱ ሁሉ «የመሪጌታ ሚስት ጣራ ላይ!» እያለ አፉን ሲይዝ፣ «መድፍ ይዛ ገደል የወጣች ሴት ጣራ ያስፈራታል ወይ?» አልኋቸው።

በመስከረም የጻፉት ደብዳቤ ደርሶኛል። ሰባት ጊዜ አነበብሁት። አበ ምኔቱ «ሚስትህ በሕይወት ሳለች፣ ፈቅጃለሁ የሚል ቃሏን በእጅ ጽሑፏ ሳላይ ቆብ አልደፋልህም» እንዳሉዎ፣ ለታኅሣሥ ዐሥራ ሁለት፣ ለአቡነ ሳሙኤል በዓል እንዲደርስ «ፈቅጃለሁ» የምትለዋን አንዲት ቃል ጽፌ እንድልክ ለምነውኛል። «ብዙ ቀለም አይፈጅብሽም» ብለዋል። እውነት ነው፤ አይፈጅም። ዐሥር ዓመት የጠበቀች ሚስትን በአንዲት ቃል ማሰናበት ግን እንደ እርስዎ ያለ ቅኔ የጠገበ ሰው ብቻ የሚያስበው ነገር ነው።

መልሴን ከደብዳቤው መጨረሻ ያገኙታል። አደራ፣ ቀድመው ወደ መጨረሻው ገልጠው እንዳያዩ! አውቅዎታለሁ፤ ወጥ ሳይበስል ክዳን የሚያነሡ ሰው ነዎት። መጀመሪያ የምነግርዎ አለኝ። የደስታ ነገር ነው፤ ከቅዳሜ ወዲህ ብቻዬን ስስቅ ወለላ «እማዬ፣ ምን ነካሽ?» እስክትል ያደረሰኝ ደስታ። ግን በተራው ነው የሚመጣው።

ወለላ ደብዳቤው ሳይታሸግ አነባለሁ ብላ ከጎኔ ተቀምጣለች። ትምህርት ቤት ገብታ ፊደሉን ከእኔ ፈጥና ታነበንበዋለች። የአባቷን ነገር ግን የምታውቀው በቁራጭ በቁራጩ ነው፤ ከዚህ አንድ ቃል፣ ከዚያ አንድ ሹክሹክታ። ስለዚህ እርስዎ የሚያውቁትንም ቢሆን ከሥሩ ጀምሬ እጽፈዋለሁ። ለእርስዎ ትዝታ፣ ለእሷ ወሬ ይሁን።

በሠላሳ አንድ ዓመተ ምሕረት፣ አወቀ ያቺን ትንሽ መድፍ ከጉድባ ውስጥ ሲያገኛት፣ ጣልያን መንኰራኵሯ ተሰብሮበት ጥሏት ሄዶ ነበር። አወቀ ብረት ሠሪ ነው፤ ጣልያኖቹ ምሽግ ውስጥ አንድ ዓመት ጥይት ሲያሸክሙት አተኳኰሱን በዓይኑ ሰርቆ የወጣ። መንኰራኵሯን ጠግኖ «ማን አብሮኝ ይሆናል?» ሲል ሰባት ሰው ተነሣን። ማንም አላዘዘንም። ሹመት የለን፣ ስንቅ የሚሰፍርልን የለን፤ በፈቃዳችን ነው የወጣን። እርስዎ ከማኅሌት፣ እኔ ከእንዝርቴ፣ ሐምዱ ከጉንደ ወይን ከነስድስት በቅሎዎቹ።

ሐምዱ ማለት፣ ወለላ ትስማ፣ የጉንደ ወይን እስላም ነጋዴ ነው፤ ጨውና ጨርቅ እየጫነ አገር የሚያካልል፣ ወንደላጤ፣ ለበቅሎዎቹ ከሰው ይልቅ የሚያወራ። ያለ እሱ በቅሎዎች መድፋችን ድንጋይ ነበረች። አፈሙዟ በአንዲቱ፣ መንኰራኵሯ በሌላዪቱ፣ ጥይቷ በቀሩት ይጫናል። መንገደኛ እንዳያውቅብን ነጠላዬን እላይዋ ላይ ስጥልባት፣ ያየን ሁሉ «ሙሽራ ናት» እያለ መንገድ ይለቅልን ጀመር። አንድ ቀን አንዲት ባልቴት እልል ብለው መረቁልን፤ ሐምዱም ፈገግ ሳይል «አሜን እማማ፣ ልጅ በልጅ ያድርጋት» አላቸው። ከዚያ ወዲያ ስሟ ሙሽሪት ሆኖ ቀረ፤ እኛም የሙሽሪት ሚዜዎች ተባልን።

የምግባችን ነገርስ ትዝ ይልዎታል? በክርስቲያን ቢላዋ የታረደውን ሐምዱ አይበላ፣ በሱ ቢላዋ የታረደውን እኛ አንበላ። «እንግዲያው ወይ ሁላችን ወይ ማናችንም» ያሉት እርስዎ ነበሩ። ዓመት ከመንፈቅ ሙሉ፣ ገናም መጣ ፋሲካም መጣ፣ የሙሽሪት ሚዜዎች ከአንድ ገበታ ሽሮ በሉ። ሌሎቹ አርበኞች ሙክት ሲጠብሱ ሽታው እየመጣ ሲፈትነን፣ አወቀ «ሽሮ እየበላን ከሞትን ገነት የምንገባው በየትኛው በር ነው?» ይል ነበር። ሐምዱ ደግሞ «በጓሮው፣ በወጥ ቤቱ በኩል» ይለዋል። አሁን ስጽፈው እንኳ ሳቄ መጣ።

አተኳኰሳችንም እንደ አበላላችን የራሳችን ነበር። ጣልያን መነጽር አለው፣ መለኪያ አለው። እኛ እርስዎ ነበሩን። የጠላት መድፍ ሲተኩስ ጭሱ ቀድሞ ይታያል፣ ድምፁ ዘግይቶ ይደርሳል። ጭሱን እንዳዩ «አቡነ ዘበሰማያት» ብለው ይጀምራሉ፤ ድምፁ ሲደርስ ያሉበት ቃል የመንገዱ ርዝመት ነው። «ስምከ» ላይ ከደረሰ ጠላት ቅርብ ነው። «መንግሥትከ» ላይ ከሆነ ራቅ ያለ፤ «ፈቃድከ» ከዚያ የራቀ፤ «ከማሁ በምድር» ደግሞ ከዚያም የባሰ። እኔ የቄስ ልጅ፣ ዳዊት የደገምሁ ነኝና፣ አፈሙዟን ከፍና ዝቅ ከሚያደርገው መዘውር አጠገብ ቃላቱን በየቦታቸው በሚስማር ጭሬ ጽፌአቸው ነበር። እርስዎ ቃሉን ሲጠሩ እኔ መዘውሩን እዚያ ቃል ላይ አቆማለሁ፣ አወቀ ይተኩሳል። ሙሽሪት ትንሽ ስለነበረች ከ«ሀበነ ዮም» አታልፍም፤ ከዚያ የራቀ ጠላት ለእኛ ጠላት አልነበረም። «ኅድግ ለነ አበሳነ» ከሚለው ደርሰን አናውቅም። ሐምዱ የቃሉን ፍቺ ከእርስዎ ከሰማ በኋላ «ይቅርታ ከሚለው ሳይደርሱ የሚተኩሱ ክርስቲያኖች እናንተን ብቻ አየሁ» እያለ ይቀልድብን ነበር።

በሠላሳ ሁለት፣ የካቲት ሲያልቅ፣ ሐምዱ በቅሎዎቹን ውኃ ሊያጠጣ እንደወረደ ከነስድስቱ ተማረከ። ከአምበር ማዶ ወዳለው ምሽግ እንደወሰዱት፣ ምርኮኛውንም ከእንስሳቱ ጋር በአንድ በረት እንደሚያሳድሩት ሰማን። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሙሽሪትን በትከሻችን ተሸከምናት። ስድስት ሚዜ ለአንዲት ሙሽራ፣ ያውም ለብረት ሙሽራ! አወቀ «እንዲህ የከበደች ሙሽራ ጥሎሽዋ ምን ያህል ይሆን?» እያለ ያላግጣል፤ እርስዎ ግን አይስቁም ነበር። ከየጸሎትዎ የሐምዱ ስም አይታጣም። «ምሽጉን ሰብረን እናወጣዋለን» ተባባልን፤ የቀረን ሦስት ጥይት ነበር።

የደብረ ዘይት ሰንበት ሲያልፍ፣ በማግስቱ ነው። እርስዎ ሰንበቱን በሙሉ ከታች ካለችው ቤተ ክርስቲያን በጾመ ድጓ ሲያዜሙ ሰንብተው፣ ቀጥታ ከማኅሌቱ ወደ ኮረብታው ነው የመጡት። ጎሕ ሲቀድ ሙሽሪትን ከአፋፉ ላይ ተከልናት። ያን ምሽግ ከዚያ በፊት ተኩሰንበት አናውቅም። ከቅጥሩ ውስጥ ጭስ ቡልቅ አለ፤ እርስዎም ጀመሩ። ግን በጾሙ ዜማ ነበር የጀመሩት። ምላስዎ ገና ከማኅሌቱ አልወጣም። እየጎተቱ፣ እየሳቡ፣ ከአንዱ ቃል ወደ ሌላው እንደ ሽማግሌ ዳገት እየወጡ ሳለ ድምፁ ከ«ፈቃድከ» ላይ ደረሰ። «ፈቃድከ!» አሉ። መዘውሩን አቆምሁ። አወቀ ተኮሰ። ጥይቷ ከምሽጉ ሳትደርስ፣ ከወዲህ ከወንዙ ዳር፣ ከበረቱ ላይ ወደቀች።

ከዚያ የሆነውን ያውቁታል። በቅሎዎቹ የፈረሰውን ግንብ ጥሰው ወጡ። ጠባቂዎቹ በቅሎ ሊይዙ ሲሯሯጡ ከቅጥሩ ሥር አድፍጠው የነበሩት አርበኞች በባዶው በር ገቡባቸው፤ ከቀትር በፊት ምሽጉ በእጃችን ሆነ። ሁሉም ሲፎክርና ሲያቅራራ እርስዎ ብቻ ከበረቱ ፍርስራሽ ውስጥ በእጅዎ ድንጋይ ይፈነቅሉ ነበር። ያገኙት የሐምዱን ነጭ ኮፍያ ነው። ደም ነበረበት፤ ሬሳውን ድንጋዩ ቀብሮታል አልን። «ጸሎቴ ገደለው» አሉ፤ ከዚያ በኋላ ስለዚያ ቀን ሌላ ቃል ከአፍዎ አልወጣም። በሠላሳ ሦስት፣ አገሩ ነፃ በወጣ በወሩ፣ ሰው ሁሉ ሲዘፍን፣ ኮፍያውን ከደረትዎ ሸጉጠው በትርዎን አንሥተው ሄዱ። ወለላ አምስት ዓመቷ ነበር። «አባዬ ገበያ ነው የሄደው?» አለችኝ። «አዎ» አልኋት። ረጅም ገበያ ሆነ።

አሁን እርስዎ የማያውቁትን ልንገርዎ። ወለላን ውኃ ቅጂ ብዬ ልኬአታለሁ፤ ስትመለስ ታነበዋለች፣ ግን ስጽፈው እንድታየኝ አልፈለግሁም።

ሰምቼ ነበር። ዜማው እንደዘገየ ሰምቻለሁ። ዓይኔ ያን ምሽግ እንዳየ «ይህ ከማሁ በምድር ነው፣ ፈቃድከ አይደለም» ብሎኛል። እጄ መዘውሩ ላይ ነበር፤ አንዴ ባዞረው፣ ወይም «መሪጌታ፣ ዘገዩ» ብል ይበቃ ነበር። ዝም አልሁ። ጸሎት የያዘን ሰው ማን ያርማል? አባቴ በልጅነቴ «ጸሎት የሚያቋርጥ የሰው ጉሮሮ እንዳነቀ ይቆጠራል» እያሉ ነው ያሳደጉኝ። ስለዚህ ስሕተት መሆኑን እያወቅሁ ባሉት ቃል ላይ አቆምሁት። ኮፍያውን ያገኙ ዕለት ልነግርዎ አፌን ከፍቼ ፈራሁ። ከዚያ አፈርሁ። ከዚያ ሄዱ። ሸክሙ የሁለታችን ሆኖ ሳለ ዐሥር ዓመት ብቻዎን ተሸከሙት፤ እኔ ደግሞ ስለ ላምና ስለ ጣራ እየጻፍሁ ተቀመጥሁ።

ይኸው ወጣልኝ። አሁን ወደ ደስታው።

ባለፈው ቅዳሜ ማግ ይዤ ገበያ ወጥቼ ነበር። ክር በክንዴ ስለካ እንደ ሰው አንድ፣ ሁለት አልልም፤ ከሙሽሪት የቀረብኝ አመል ነው፤ አንድ ክንድ አንድ ቃል። «ይትቀደስ፣ ስምከ፣ ትምጻእ፣ መንግሥትከ» እያልሁ አቀርቅሬ ስለካ አንድ ሰው ከፊቴ ቆመ። በቅሎ ይዟል፤ የማየው የበቅሎዋን ኮቴ ብቻ ነው። ይጠይቀኛል ብዬ ብጠብቅ ዝም ብሎ ያዳምጠኛል። እኔም ልኬን አላቋርጥም ብዬ ቀጠልሁ። «ወይኩን፣ ፈቃድከ» ስል፣ ሰውየው በገበያው መካከል ድምፁን ከፍ አድርጎ፣

«ፈቃድከ! መዘውር ያዥ፣ አቁሚ! አወቀ፣ በለው!» አለ።

ማጉ ከእጄ ወደቀ። ቀና ብል፣ ጺሙን ሂና ቀብቶ፣ አዲስ ነጭ ኮፍያ ደፍቶ፣ የግራ ጆሮው ጫፍ ተቆርጦ፣ ሐምዱ ቆሟል።

አዎ፣ መሪጌታ። ሐምዱ። መልሰው ያንብቡት፤ እኔም ሦስት ጊዜ ነው ያየሁት። የጉንደ ወይኑ ሐምዱ፣ በሥጋው በነፍሱ።

አልጮህሁም ብል ውሸት ነው። ጮህሁ። ገበያተኛው ሌባ መስሎት «ያዘው!» አለና ሁለት ጎረምሶች ሐምዱን አንቀው ያዙት። «ልቀቁት፣ እሱ እኮ ሞቷል!» ብል ይባስ ብሎ የነበረው ሰው ሁሉ ሸሸ። በርበሬ ሻጯ ሽታዬ ዘምቢሏን ጥላ እያማተበች ስትሮጥ በዓይኔ አየኋት። እኔና ሐምዱ ከተደፋው በርበሬ መካከል ቁጭ ብለን አለቀስን፤ ከእንባው የትኛው የበርበሬው፣ የትኛው የናፍቆቱ እንደሆነ እግዜር ይወቀው።

«እቴ የብርጓል፣» አለኝ፣ «በሕይወት አለሽ እንዴ? እኔ እኮ በየዓመቱ ለነፍሳችሁ ብዬ ሰደቃ አወጣለሁ!»

«እኛስ?» አልሁት። «መሪጌታ ላንተ ነፍስ ሲል ገዳም ከገባ ዐሥር ዓመቱ አይደለም ወይ!»

«ለኔ ነፍስ? ነፍሴ እኮ እዚሁ ነች» አለና ደረቱን መታ። እርስዎ ለእሱ፣ እሱ ለእርስዎ፣ ሁለት ሕያዋን ሰዎች አንዱ ባንዱ መቃብር ላይ ሲጸልዩ ኖሩ። እግዚአብሔር ይህን ሁሉ ጸሎት የት እንዳስቀመጠው እንጃ፤ መቼም አልወደቀም።

ቤት ወስጄ አወቀን አስጠራሁት። አወቀ መጣ፣ አየው፣ ከደጃፉ ላይ ቁጭ አለ። ከዚያ «ሽሮ አለ?» አለኝ። ሽሮ ሠራሁ፤ ከአንድ ገበታ በላን። የእርስዎን ቦታ ከሐምዱ ቀኝ ባዶውን ተውነው፤ ወለላ ልትቀመጥበት ስትል ሐምዱ «እሱ የሰው ነው ልጄ» አላት።

ታሪኩን የነገረን እየጎረሰ ነው። በበረቱ ውስጥ እንዳያመልጥ እጁን ከመሪዋ በቅሎ፣ ከቦራ አንገት ጋር በጠፍር አስረውት ነበር። ጥይቷ ግንቡን ስትጥለው ድንጋይ ጆሮውን ቆረጠው፣ ኮፍያው ወደቀ፣ ቦራም ተነሣች። «ሐምዱ አመለጠ ቢሉ ውሸት ነው» ይላል። «ያመለጠችው በቅሎዋ ናት፤ እኔ መከተል ብቻ ነው የተከተልኋት።» ቦራ እስከ ዓባይ በረሃ አፋፍ ሮጠች፤ ጠፍሩም እዚያ ተበጠሰ። እዚያ ወደ ሰሜን የሚወርድ የጠላት ጓዝ አገኛቸው፤ የተቀጠረ ጫኝ መስሏቸው ጎንደር፣ ከዚያም ምጽዋ አደረሱት። ምጽዋ ላይ ከጎጃም የመጣ ሰው «ሙሽሪት ከነሚዜዎቿ ገደል ገባች» ብሎ ነገረው። ሙሽሪት መግባቷስ እውነት ነው፤ በዚያው ክረምት ጭቃ አንሸራቶ ወስዷታል፤ እኛ ግን ከገደሉ አፍ ቆመን ልጁን እንደ ዳረ ሰው አልቅሰን ነው የተመለስን። ሐምዱም «ወዳጆቼ ካለቁ ወደ ማን ልመለስ?» ብሎ ባሕሩን ተሻገረ። ሐጅ አደረገ፣ ከባሕሩ ማዶ ሆዴይዳ ከተማ ሱቅ ከፈተ፣ ቀድሪያ የምትባል ደግ ሴት አገባ። ዘንድሮ የአባቱን መቃብር ሊያይ ነው ወደ ጉንደ ወይን የመጣው።

ከዚያ እኔ የእርስዎን ነገር ነገርሁት። ዜማውን፣ ኮፍያውን፣ «ጸሎቴ ገደለው» ማለትዎን፣ የራሴንም ዝምታ ሳልደብቅ። ጉርሻው ከአፉ ሳይደርስ ቀረ።

«ገደለው?» አለ። «እቴ፣ ሐሙስ ሊሰቅሉኝ ነበር እኮ! ጥይቷ የወደቀችው ሰኞ ነው፣ ገመዱን ዓርብ አሳይተውኛል። መሪጌታ እንደ ልማዱ አጣድፎ አንብቦት ቢሆን ጥይቷ ምሽጉ ላይ ትወድቅ፣ በረቱ ይቆም፣ እኔም እንደታሰርሁ ጠባቂዎቹ ይጨርሱኝ ነበር። ያ ዜማ ነው ያወጣኝ!» ሳቀ፤ ከዚያ ደግሞ አለቀሰ። ወደ እኔም ዞሮ «አንቺም እንኳን ዝም አልሽ፤ አላህ ዝምታሽን ይቀበልሽ» አለኝ። ዐሥር ዓመት ደረቴ ላይ የተቀመጠ ድንጋይ እንዲህ በሽሮ ገበታ ላይ ይነሣል ብዬ አስቤ አላውቅም። አወቀ ተነሥቶ ፎከረ፤ ያውም ማንኪያ ይዞ።

እንግዲህ ወደ መልሴ። ከሙሽሪት ጎን ስንቆም «እርስዎ» መባባል አልነበረም፤ ጥይት ሲያፏጭ አክብሮት ጊዜ ይፈጃል። አሁንም እንደዚያው ልናገር።

አልፈቅድም።

ጉልበታቸውን ስመህ ለአበ ምኔቱ አሳያቸው፤ እንዳይቸገሩ አጉልቼ ነው የጻፍሁት። ስለ እግዚአብሔር ፍቅር ብቻ ብለህ ቆቡን ብትፈልገው፣ ምናልባት አንገቴን ደፍቼ እለቅህ ነበር። አንተ ግን የምትመነኵሰው ያልገደልኸውን ሰው ንስሐ ልትፈጽም ነው። ላልሞተ ሰው ተዝካር አይወጣም። እሳቸውም ይህን ቢሰሙ ከእኔ ቀድመው የሚያሰናብቱህ ይመስለኛል።

ደግሞም ናፍቀኸኛል። ይህንን ዐሥር ዓመት አልጻፍሁትም፤ ኩራት ያዘኝ። ማለዳ ውዳሴ ማርያም ስትደግም የሚሰማው ድምፅህ ከዚህ ቤት ከወጣ ወዲህ፣ ቤቱ ንጹሕ ነው፣ ጣራው ደኅና ነው፣ ግን ዝም ይላል። ወለላ ከውኃ ተመልሳ ይህን ሁሉ አነበበችው፤ ስታለቅስም ስትስቅም ቆይታ «አባዬን ካመጡልኝ ገበያው ለምን እንደቆየ ራሴ እጠይቀዋለሁ» ብላለች። መልስ አዘጋጅ፤ ይህቺ ልጅ እንደ እኔ በቀላሉ አትለቅህም።

ሙሽሪት ከ«ዮም» አታልፍም ነበር። እኛ ግን መድፍ አይደለንም። እኔ ከዚያ አልፌ «ኅድግ ለነ አበሳነ» ብያለሁ፤ ዝም ያልሁበትን ይቅር በለኝ። «ከመ ንሕነኒ ንኅድግ» የምትለዋ የአንተ ተራ ናት።

የመንገዱን ነገር ለአቡነ ሳሙኤል ሰጥቻለሁ። የሚጋልቡትን አንበሳ እንኳ ባያውሱህ፣ ከአንበሳ ይጠብቁህ። ጎንህን ለመታው ውርጭ፣ ሆድህን ላከሳው ቋርፍ፣ ቤትህ እሳትም ሽሮም አለው። የእናቴ ጸሎት፣ የልጅህ ናፍቆት፣ የሐምዱም ሰደቃ፣ ሁሉም አንድ ላይ ሆነው መልሰው ያግቡህ።

አሁን ደብዳቤውን አጥፈህ ወደ ገዳሙ ወሰን ውረድ። ይህን ወረቀት ለበረኛው መነኵሴ ያቀበለው ሰው አልሄደም። እስላም ነውና ወሰኑን አክብሮ ከዛፍ ሥር ቆሟል። ሁለት በቅሎ ይዟል፤ የአንዷ ኮርቻ ባዶ ነው። ኮፍያውን አሁንም ከደረትህ ይዘኸው እንደሆነ መልስለት፤ የራሱ ነው።

ዛሬ በቅሎዎቹን ለመንገድ ሲያሰናዳ፣ «ባይወርድልኝስ? እስከ መቼ ልጠብቀው?» ብሎ ጠየቀኝ።

«አንድ አቡነ ዘበሰማያት እስኪደገም» አልሁት።

«በየትኛው ንባብ?»

«በጾሙ ዜማ ይሁን» አልሁት። «አትቸኩልበት።»

መዘውር ያዥህ፣ ሚስትህ
የብርጓል